ሥራው ለማን ይሰጣል? ለቡድን መሪዎች የተዘጋጀ የእኩልነትና የአካታችነት መመሪያ

አብዛኛው መሥሪያ ቤት ስለ እኩልነት የተጻፈ ፖሊሲ አለው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈም አይጠፋም። የቡድን መሪ ግን ፖሊሲ አያወጣም፣ የደመወዝ እርከን አይወስንም፣ መዋቅር አይሠራም። በእጁ ያለው ሌላ ነው፦ ደህናው ሥራ ለማን እንደሚሰጥ፣ ስብሰባ ላይ ማን እስኪጨርስ እንደሚደመጥ፣ የምዘና ቅጹ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ፈቃድ ሲጠየቅ ማን ቶሎ እሺ እንደሚባልና ማን «እስኪ እናያለን» ተብሎ እንደሚመለስ። አድልዎ በብዛት የሚፈጸመው በእነዚህ ጥቃቅን ድልድሎች ውስጥ ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ ስለሚፈጸም በመልካም ሐሳብ ብቻ አይታረምም፤ አሠራር ይፈልጋል።

ቃላቱን በአጭሩ እናስቀምጣቸው። እኩልነት ሰው በማንነቱ ምክንያት ዕድል እንዳይነፈግ ማድረግ ነው። ብዝኃነት በቡድኑ ውስጥ የተለያየ ማንነት፣ ዕድሜና ልምድ ያላቸው ሰዎች መኖራቸው ነው። አካታችነት ደግሞ እነዚያ ሰዎች ከገቡ በኋላ ሥራውም መረጃውም ውሳኔውም እንዲደርሳቸው ማድረግ ነው። የቡድን መሪ ብዙ ሥልጣን ያለው በሦስተኛው ላይ ስለሆነ የዚህ መመሪያ ክብደትም ወደዚያ ያደላል።

ከመጀመርዎ በፊት

የመሥሪያ ቤትዎን ፖሊሲና የአገሩን የሥራ ሕግ አውጥተው ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጉ፦ አድልዎ የተከለከለባቸው ምክንያቶች ዝርዝር፣ ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድ፣ ቅሬታ የሚታይበት የጊዜ ገደብ። ሦስቱን በአንድ ገጽ ጽፈው ያስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ዘርን፣ ቀለምን፣ ጾታን፣ ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አመለካከትን፣ የመጡበትን ብሔር ወይም አገርና ማኅበራዊ መሠረትን ይዘረዝራል። ብዙ አገሮች ከዚህ በላይ አካል ጉዳትን፣ ዕድሜን፣ እርግዝናን፣ የጤና ሁኔታንና የሠራተኛ ማኅበር አባልነትን ጨምረዋል። የእርስዎ ዝርዝር የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያለብዎት ችግር ከመምጣቱ በፊት ነው። ቅሬታ ይዞ በርዎ ላይ የቆመን ሰው አስቁሞ ፖሊሲ ማገላበጥ አያምርም።

ደረጃ 1፦ ለአራት ሳምንት የሥራ ድልድልን ይመዝግቡ

ምንም ነገር ከማወጅዎ በፊት አሁን ያለውን ይወቁ። አንድ ሠንጠረዥ ይክፈቱና አምስት ዓምድ ይስጡት፦ ቀን፣ ሥራው፣ የተሰጠው ለማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተሰጠ (እርስዎ መርጠው፣ ራሱ ጠይቆ ወይም በተራ)፣ የሥራው ዓይነት። ዓይነቱን በሦስት ይክፈሉት።

ሀ — የሚያሳድግ ሥራ፦ ለበላይ አመራር ገለጻ ማድረግ፣ ከትልቅ ደንበኛ ጋር መደራደር፣ አዲስ ፕሮጀክት መምራት፣ ቡድኑን ወክሎ ሥልጠና መሄድ።

ለ — መደበኛ ሥራ።

ሐ — የማይቆጠር ሥራ፦ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የስብሰባ ክፍል ማሰናዳት፣ አዲስ ገቢን ማለማመድ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ የጠፋ ፋይል መፈለግ። ይህ ሥራ ካልተሠራ ቡድኑ ይቆማል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን በምዘና ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ምዝገባው ምስጢር መሆን የለበትም። «ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል ለማየት ለአንድ ወር እመዘግባለሁ» ማለት ይበቃል። በየቀኑ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ለዓርብ ከተጠራቀመ ግን ግማሹ ይረሳል፣ የሚረሳውም ሐ ነው።

ወሩ ሲያልቅ በቡድን ሳይሆን በሰው ይቁጠሩ። ለምሳሌ ስምንት ሰው ባለበት ቡድን 16 የሀ ሥራ ከነበረ ለአንድ ሰው በአማካይ ሁለት ይደርሰዋል። ሁለት ሰዎች ዘጠኙን ወስደው ሦስቱ ምንም ካላገኙ ምክንያቱን ይጠይቁ። «እንዴት እንደተሰጠ» የሚለውን ዓምድም ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ «እርስዎ መርጠው» የሚለው የሚደጋገመው ለእርስዎ ቅርብ በሆነ ሰው ላይ ነው፦ አጠገብዎ የሚቀመጥ፣ አብሮዎት ምሳ የሚወጣ፣ ቋንቋዎን የሚናገር። ይህን ማየት ደስ አይልም፤ ለአብዛኛው መሪ ግን ከሙሉ ቀን ሥልጠና የበለጠ ያስተምራል።

ደረጃ 2፦ ድልድሉን ያስተካክሉ

የሐ ሥራን በተራ ያድርጉት። ስሞችን በፊደል ቅደም ተከተል ጽፈው ሁሉም ሊያየው በሚችል ቦታ ያኑሩ፤ እርስዎም ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ። «ፈቃደኛ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለዚህ ዓይነት ሥራ ይተዉት። ዝምታው ሲረዝም የሚነሣው እጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የአዲስ ገቢ፣ የታናሽ፣ የሴት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኢኮኖሚክስ ጥናት ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል፦ ወንዶችና ሴቶች በተቀላቀሉበት ቡድን ማንም የማይፈልገውን ሥራ በብዛት የሚወስዱት ሴቶች ናቸው። ቡድኑ ወንዶች ብቻ ወይም ሴቶች ብቻ ሲሆን ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ጉዳዩ የፍላጎት ሳይሆን «እሷ ትሠራዋለች» ብሎ የመጠበቅ ነው።

የሀ ሥራን ሰው ከመምረጥዎ በፊት ያሳውቁ። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ሥራው ምንድን ነው፣ ምን ችሎታ ይጠይቃል፣ መቼ ያልቃል። ሁለት የሥራ ቀን ይስጡ። ከዚያ የጠየቁትን ብቻ አይመልከቱ፤ ያልጠየቁትን ለየብቻ «ይህን ለመውሰድ አስበው ነበር?» ብለው ያነጋግሩ። «እንዳያስቸግር ብዬ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

እዚህ ላይ የታወቀ ወጥመድ አለ፦ «ልምድ የለውም»። ልምድ የሌለው ሥራው ተሰጥቶት ስለማያውቅ ነው፤ ሥራው የማይሰጠው ደግሞ ልምድ ስለሌለው ነው። ክቡ የሚሰበረው ሥራውን በሦስት ዙር በመክፈል ነው። በመጀመሪያው ዙር አብሮ ገብቶ ያያል፤ በሁለተኛው ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ሆኖ ራሱ ይሠራል፤ በሦስተኛው ብቻውን ይሠራል፣ እርስዎ ውጤቱን ብቻ ያያሉ። ሁለተኛው ዙር ላይ ትንሽ ጥፋት ይጠብቁ። የመጀመሪያው ስህተት ላይ ሥራውን ከነጠቁት የቀሩት ሰዎችም መጠየቅ ያቆማሉ።

ከዚህ የሚከፋው በአዘኔታ የሚመጣው ነው። «ሕፃን ስላላት የመስክ ሥራ አንላካት»፣ «እግሩ ስለሚያመው ደረጃ እንዳይወጣ ገለጻውን ለሌላ እንስጥ»፣ «ጡረታው ስለደረሰ ለአዲሱ ሲስተም ሥልጠና ምን ያደርግለታል»። ተናጋሪው ደግ ነኝ ብሎ ያስባል፤ የተባለለት ሰው ግን ዕድሉን አጥቷል፣ ምናልባትም መነሣቱን እንኳ ሳይሰማ። ደንቡ አጭር ነው፦ ስለ ሰው ችግር ሰውየውን ሳይጠይቁ አይወስኑ። «የመስክ ሥራው አምስት ቀን ነው፤ ይመችሽ ይሆን? ምን ቢስተካከል ትሄጃለሽ?» ይባላል። አልሄድም የማለት መብቷ ነው። በሚቀጥለው ጊዜም ይጠየቃል፤ አንድ ጊዜ «አይ» ያለች ለዘለዓለም አላለችም።

ደረጃ 3፦ ስብሰባውን ይቀይሩ

አጀንዳውን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይላኩ። በሁለተኛ ቋንቋው የሚሠራ፣ አስቦ መናገር የሚወድ፣ ወይም ሰነዱን በድምፅ አንባቢ ሶፍትዌር የሚያነብ ሰው ተዘጋጅቶ የሚገባው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

በውሳኔ አጀንዳ ላይ እርስዎ መጨረሻ ይናገሩ። መሪ አስተያየቱን አስቀድሞ ከሰጠ ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት ሳይሆን ድጋፍ ነው። ከባድ ጉዳይ ከሆነ ውይይቱ ከመከፈቱ በፊት ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ ሁሉም ሐሳቡን በወረቀት ይጻፍ፤ ከዚያ ከዝቅተኛው የሥራ ደረጃ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይሰጥ።

ንግግር ሲቋረጥ ጣልቃ መግባት የሰብሳቢው ሥራ ነው፤ የተቋረጠው ሰው ራሱን እንዲከላከል አይጠበቅም። «ይቅርታ፣ እከሊት አልጨረሰችም፤ ከእሷ ቀጥሎ እርስዎ» ማለት ይበቃል። ስለ ጨዋነት ማብራሪያ አይጨምሩበት። ሌላው የተለመደ ችግር ሐሳብ ባለቤቱን መቀየሩ ነው፦ አንዷ የተናገረችው ሳይሰማ ያልፍና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ሲደግመው «በጣም ጥሩ ሐሳብ» ይባላል። ያኔ «ይህ እከሊት ቀደም ብላ ያነሣችው ነው፤ እስኪ እሷ ታብራራው» ብለው ይመልሱት። ቃለ ጉባኤውም ሐሳቡን በአንሺው ስም ይያዝ።

ከርቀት የሚሳተፉ ካሉ በእያንዳንዱ አጀንዳ መጀመሪያ ቃሉን ለእነሱ ይስጡ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወሬ ከጀመሩ በኋላ ከስክሪን ውስጥ ድምፅ ማስገባት ከባድ ነው። የስብሰባ ሰዓት ሁልጊዜ ለአንድ ወገን የማይመች ከሆነም ያፈራርቁት፤ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የቡድኑ አባላት የሚያከብሯቸውን በዓላት ሁሉ የያዘ አንድ የጋራ ካላንደር ይመልከቱ።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር። በእረፍት ሰዓት ሰዎች በፈለጉት ቋንቋ ይጫወቱ፤ መከልከል ራሱ አድልዎ ነው። የሥራ ጉዳይ ግን አንዱ አባል በማይሰማው ቋንቋ ከተወሰነ ውሳኔው በጋራው ቋንቋ ተደግሞ እስኪነገር ድረስ አልተወሰነም ብለው ይያዙት።

ደረጃ 4፦ ሰው ሲቀጥሩ

ጭፍን ግምት በቅጥር ላይ ያለውን ጉልበት ለማየት እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውን የአሜሪካ ጥናት ማስታወስ ይበቃል። ተመራማሪዎቹ በቦስተንና በቺካጎ ወደ 5,000 ገደማ ማመልከቻ ላኩ፤ ይዘቱ ተመሳሳይ፣ ስሙ ግን የተለያየ። የነጭ የሚመስል ስም ያለባቸው የጥቁር የሚመስል ስም ካለባቸው 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አገኙ። ስምን፣ ፎቶን፣ ዕድሜንና የትውልድ ቦታን ከማመልከቻው ላይ ሸፍኖ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ማድረግ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፈናውን የሚሠራ ሰው ካለ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

መስፈርቱን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ጽፈው ይፈርሙበት። ከአምስት እስከ ስድስት መስፈርት በቂ ነው። «የግድ» እና «ቢኖር ይመረጣል» የሚሉትን ይለዩ፤ ለሥራው የማያስፈልግን ነገር (ለምሳሌ ለማይነዳ ሰው የመንጃ ፈቃድ) በግድ ውስጥ አያስገቡ።

ለቃለ መጠይቁ፦

1. ለሁሉም ዕጩ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል። ስድስት ጥያቄ ለ45 ደቂቃ ይበቃል።

2. ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ነጥብ፤ 1፣ 3 እና 5 የሚያሰጠው መልስ ምን እንደሚመስል በአንድ አንድ መስመር አስቀድሞ ይጻፍ። ይህ ከሌለ የአንዱ ጠያቂ 4 የሌላው 2 ነው።

3. ጠያቂዎቹ ሦስት ይሁኑ። ዕጩው ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ማንም ምንም ሳይናገር ነጥቡን ይጻፍ። ከዚያ በታናሹ ተጀምሮ ይነበብ። ሁለትና ከዚያ በላይ ነጥብ የተለያዩበት ጥያቄ ላይ ብቻ ይወያዩ፤ «ምን ሲል ሰማህ?» በሚል ጥያቄ።

4. ጋብቻን፣ እርግዝናን፣ ልጅን፣ ሃይማኖትን፣ ብሔርን የሚነካ ጥያቄ የለም። በወሬ መሐልም የለም። በሊፍት ውስጥ «ልጆች አሉሽ?» ብሎ መጠየቅ ከቃለ መጠይቁ ክፍል ውስጥ ከመጠየቅ አይለይም። ሥራው የማታ ፈረቃ ካለው ለሁሉም ዕጩ «ሥራው በወር አራት የማታ ፈረቃ አለው፤ ይህን መሥራት ይችላሉ?» ይባላል።

«ከቡድናችን ጋር አይሄድም» የሚል ውሳኔ ሳይብራራ ተቀባይነት እንዳይኖረው ያድርጉ። ብዙ ጊዜ ሲፈተሽ «እኛን አይመስልም» ማለት ሆኖ ይገኛል።

ከቅጥሩ በኋላ ቁጥሩን ይፈትሹ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የቅጥር መመሪያ ውስጥ የገባው የአራት አምስተኛ (80 በመቶ) ልኬት ቀላልና ጠቃሚ ነው። ከ20 ወንድ አመልካቾች 10 ካለፉ 50 በመቶ፣ ከ10 ሴቶች 3 ካለፉ 30 በመቶ ነው። 30 ለ50 ሲካፈል 60 በመቶ፤ ከ80 በመቶ በታች ስለሆነ ማጣሪያውን መመርመር ይገባል። በትንሽ ቁጥር ላይ ይህ ማስረጃ ሳይሆን ምልክት ነው፤ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቀነሱ ለማየት ግን መነሻ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ምዘናና ደመወዝ

ምዘና የሚበላሸው ቅጹ በሚሞላበት ቀን አይደለም፤ መሪው ማስረጃ ሳይሰበስብ በከረመባቸው ወራት ነው። ያን ጊዜ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ይነግሣል፣ አንድ ጎልቶ የሚታይ ጠባይ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። ይህን ሁለተኛውን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 አሳይቶታል፦ አለቆች የበታቾቻቸውን በአንድ ነገር ከወደዱ በማይገናኝ ነገርም ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጧቸዋል። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ በየሳምንቱ መጨረሻ አሥር ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት መስመር፣ አንድ የተሠራ ነገር፣ አንድ የሚሻሻል።

የጽሑፉን ቋንቋ በቅርብ ይመርምሩ። «ቁጡ ነች» ምዘና አይደለም። «በመጋቢቱ የበጀት ስብሰባ ሁለት ጊዜ የሌላ ሰው ንግግር አቋርጣለች፤ ከግምገማው በኋላ ግን ሰነዱን በተባለው ቀን አስተካክላ አቅርባለች» ምዘና ነው። አንድን ቃል ከመጻፍዎ በፊት በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ይጽፉት እንደነበር ይጠይቁ። ወንዱ «ቆራጥ» ሲባል ሴቷ «አስቸጋሪ»፣ ወጣቱ «ተነሳሽነት ያለው» ሲባል አዛውንቱ «ግትር» ከተባሉ ችግሩ ያለው ጸሐፊው ጋ ነው።

በወሊድ ወይም በሕመም ፈቃድ ላይ የነበረ ሰው የሚመዘነው በሠራበት ጊዜ ልክ ነው። የዓመቱ ግብ 120 ፋይል ከሆነና ስምንት ወር ከሠራች ግቧ 80 ነው፤ 84 ከሠራች ከግብ በላይ ናት። ይህን ስሌት ሳይሠሩ 84ን ከ120 ጋር ማወዳደር በጣም የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ ዕድገት ካለፈ በኋላ ነው።

ደመወዝ ባይወስኑም ጭማሪና ዕድገት ላይ ሐሳብ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. የ1951 የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 የሚለው «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ» ነው፤ የግድ አንድ ዓይነት ሥራ መሆን አይጠበቅበትም። ሁለት የሥራ መደቦችን ለማወዳደር አራት ነገር ይመዘናል፦ ክህሎት፣ ጥረት፣ ኃላፊነትና የሥራው ሁኔታ። በቡድንዎ ውስጥ በአራቱም ተቀራራቢ የሆኑ ግን ክፍያቸው የተራራቀ ሰዎች ካሉ በጽሑፍ ለሰው ሀብት አስተዳደር ያሳውቁ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል።

ደረጃ 6፦ የሥራ ሁኔታን ማመቻቸት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ገደማ፣ ጉልህ የአካል ጉዳት አለበት። ብዙው ጉዳት በዓይን አይታይም። ስለዚህ ጥያቄው ለሁሉም ይቅረብ፤ አዲስ ሰው ሲገባና በየዓመቱ ምዘና ላይ፦ «ሥራዎን በደንብ ለመሥራት ምን ቢቀየር ይረዳዎታል?» «ምን ሆነው ነው?» አይባልም። የሕመሙን ስም ማወቅ ለእርስዎ ሥራ አያስፈልግም።

ጥያቄ ሲቀርብ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ይስጡ። የተስማሙበትን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ አራት ሳምንት ሞክረው፣ አብረው ይገምግሙ። አብዛኛው ማመቻቸት ገንዘብ አይጠይቅም፦ የመግቢያ ሰዓት ማሸጋሸግ፣ ከጫጫታ የራቀ ጠረጴዛ፣ የቃል ትእዛዝን በጽሑፍ መድገም፣ ለምታጠባ እናት ከውስጥ የሚቆለፍ ንጹሕ ክፍል (መጸዳጃ ቤት አይደለም)። ሌሎች «ለምን ለእሱ ብቻ?» ሲሉ የሰውየውን ሁኔታ አይግለጹ፤ «የሚያስፈልገው ነገር ያለው ሁሉ መጠየቅ ይችላል» ይበሉ፣ ሲጠይቁም ይስሙ።

በእጅ የሚሠሩ ዝርዝሮች፦ በሰነድ ላይ በፊደሉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። ቀይና አረንጓዴን ብቻ ተጠቅመው ደህናውንና መጥፎውን አይለዩ፤ ቃል ወይም ምልክት ይጨምሩ። ወረቀትን ስካን አድርጎ መላክ ለማየት ለተሳነው ባልደረባ ባዶ ገጽ መላክ ነው፤ የድምፅ አንባቢ ሶፍትዌሩ የሚያነበው በፊደል የተጻፈን እንጂ የፊደል ፎቶን አይደለም። ለምልክት ቋንቋ ረጅም ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚ ይያዙ፣ በየ20 ደቂቃው ገደማ ይተካካሉ፤ ሰነዱም ቀድሞ ይድረሳቸው። ሲናገሩ ዓይንዎ አስተርጓሚው ላይ ሳይሆን መስማት የተሳነው ሰው ላይ ይሁን። የዊልቸር መግቢያ በር ከ80 ሴንቲ ሜትር መጥበብ የለበትም፤ የመወጣጫው ድፋት 1 ለ12 ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደፍ 180 ሴንቲ ሜትር መወጣጫ ይሠራል። ጣውላ ጋደም አድርጎ «መወጣጫ አለን» ማለት ሰው ይጥላል።

ደረጃ 7፦ ቀልድ፣ ቅጽል ስምና ስድብ

በብሔር፣ በአነጋገር ዘዬ፣ በመልክ ወይም በጾታ ላይ የሚቀለድ ቀልድ የሚቆመው በተነገረበት ቅጽበት ነው። አሥር ሴኮንድ ይበቃል፦ «ይህ እዚህ አይሆንም። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።» ድምፅ ከፍ አይበል፣ ስብከትም አይከተል። የተቀለደበትን ሰው በሰው ፊት «ከፋህ እንዴ?» ብለው አይጠይቁ፤ «አይ፣ ምንም አይደል» ከማለት ሌላ መንገድ አይተዉለትም።

በ24 ሰዓት ውስጥ ተናጋሪውን ለብቻ ያነጋግሩ። ሦስት ነገር ይበሉ፦ ምን እንደተባለ፣ በሥራው ላይ ምን እንደሚያስከትል፣ ከእንግዲህ ምን እንደሚጠበቅ። «ለጨዋታ ነው ያልኩት» ሲል ስለ ዓላማው አይከራከሩ፤ «ለጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ እንዳይደገም ነው የምልህ» ብለው ይዝጉት። ቀኑን ይመዝግቡ። ሁለተኛ ከተደገመ ወደ መደበኛው የዲሲፕሊን ሂደት ይሂድ።

ደረጃ 8፦ ቅሬታ ሲመጣ

እዚህ ላይ የቡድን መሪዎች ትልቁ ስህተት ጥሩ ሰው ለመሆን መሞከር ነው፦ ሁለቱን ጠርቶ፣ አስታርቆ፣ ይቅር ለእግዜር አባብሎ መጨረስ። ለሥራ አለመግባባት ይህ ሊሠራ ይችላል። ለትንኮሳ ግን አይሠራም። የተነካው ሰው እምቢ ማለት በማይችልበት ቦታ ይቅር እንዲል ይገደዳል፣ ያጠፋው ዋጋ እንደማይከፍል ይማራል፣ መዝገብም አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 አንድ ጊዜ የተፈጸመን ድርጊት እንኳ ትንኮሳ ብሎ ይይዛል፤ በሥራ ጉዞና በስልክ መልእክት የሚፈጸመውንም ይሸፍናል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ነው እኮ» ወይም «ከቢሮ ውጭ ነው» መልስ አይሆንም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሳያቋርጡ ይስሙ። በራሷ ወይም በራሱ ቃል ይጻፉ፣ አንብበው ያረጋግጡ። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ፤ «ማወቅ ለሚገባው ብቻ ነው የምናገረው» ይበሉ። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ በፖሊሲው ለተመደበው ክፍል ያስተላልፉ። ራስዎ አይመርምሩ፣ ምስክር አይሰብስቡ። ሁለቱን መለየት ካስፈለገ የሚዛወረው ቅሬታ ያቀረበው ሰው መሆን የለበትም፣ ራሱ ካልጠየቀ በቀር።

ከዚያ በኋላ የሚፈራው በቀል ነው፤ በግልጽ አይመጣም። ከስብሰባ ግብዣ ስም ይወጣል፣ ፈረቃ ይቀየራል፣ ሰላምታ ይቀራል። በሁለት ሳምንት፣ በአንድ ወርና በሦስት ወር ቀጠሮ ይዘው «ሥራ ላይ የተቀየረ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከደረጃ 1 ሠንጠረዥ ጋርም ያመሳክሩ።

ተቃውሞ ሲነሣ

«በችሎታ ብቻ መለካት አይሻልም?» የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ መስፈርት ቀድሞ መጻፍ፣ ነጥብ ለየብቻ መስጠትና ሥራን በግልጽ ማሳወቅ ችሎታ እንዲለካ የሚያደርጉት ራሳቸው መሆናቸው ነው። «አሁን ደግሞ እኛ ልንረሳ ነው» ለሚሉም ሠንጠረዡን ያሳዩ፤ ተራው የእነሱንም ስም ይዟል።

የራስዎን ጥፋትም ይጠብቁ። ቡድን ውስጥ ያለችውን አንዲት ሴት ወይም አንድ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ በየኮሚቴው ማስገባት ክብር ሳይሆን ተጨማሪ የሐ ሥራ ነው። «እናንተ ሰዎች በዚህ ላይ ምን ታስባላችሁ?» ብሎ አንድን ሰው የወገኑ ቃል አቀባይ ማድረግም እንዲሁ።

ደረጃ 9፦ በየሩብ ዓመቱ ይለኩ

የአንድ ወሩን ምዝገባ በየሩብ ዓመቱ ለሁለት ሳምንት ይድገሙት። ከዚያ ጋር ስም የማይጻፍበት አምስት ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይበትኑ፣ መልሱ ከ1 እስከ 5፦ ስህተት ብሠራ ሳልፈራ እናገራለሁ፤ ሐሳቤ ይደመጣል፤ ሥራ በግልጽ ይከፋፈላል፤ ቅሬታ ቢኖረኝ ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ፤ የሚያስፈልገኝን ማመቻቸት መጠየቅ እችላለሁ። ውጤቱን በጾታ ወይም በዕድሜ ሲከፋፍሉ በአንዱ ምድብ ከአምስት ሰው በታች ካለ አይክፈሉት፤ ማን ምን እንዳለ ይታወቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ሁሉም 5 ይሞላል። አማካዩን ብቻ አይመልከቱ። ሰባቱ 5፣ አንዱ 1 የሞሉበት ጥያቄ አማካዩ 4.5 ነው፣ መጠየቅ ያለበት ግን የዚያ 1 ምክንያት ነው። ማን እንደሞላው አይፈልጉ፤ ጉዳዩን ለሁሉም አንሥተው ለብቻ የሚያነጋግሩበት ሰዓት ይክፈቱ።

ውጤቱ በተሰበሰበ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቡድኑ ይንገሩ፣ የሚቀየር አንድ ነገር መርጠው ከነቀኑ ይጻፉ። አምስት ነገር ቃል ገብቶ አንዱንም አለመፈጸም ካለመጠየቅ ይከፋል።

ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወሩ ለተተኪው የተራውን ዝርዝር፣ የድልድል ሠንጠረዡንና የተጻፉ መስፈርቶችን ያስረክቡ። የማመቻቸት ስምምነቶችን ግን በቅድሚያ ባለቤቶቹን አስፈቅደው ነው፤ ፈቃድ ካልተገኘ የተስማሙበት አሠራር ብቻ ይተላለፋል፣ ምክንያቱ አይጻፍም።